አንድ ስም፣ ብዙ የዘር ሐረግ፦ የተክል በል ማይቶች የዘረመል ልዩነት ለተባይ ቁጥጥር ያለው ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ1965 በሜክሲኮ ጌሬሮ ግዛት ከኮኮናት ላይ የተገኘች አንዲት ማይት (ደቃቅ የሸረሪት ዘመድ) አሴሪያ ጌሬሮኒስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጣት። በዚያው ዓመት በብራዚል ታየች፤ ብዙም ሳይቆይ በምዕራብ አፍሪካ፣ በሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ እንዲሁም በቤኒን ተመዘገበች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስሪላንካና የህንዷ ኬረላ ግዛት ደረሰች። ርዝመቷ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለጋውን የኮኮናት ፍሬ ከራሱ በኩል በሚሸፍኑት ቅጠል መሰል ቅርፊቶች ሥር ተሸሽጋ ስለምትመገብ፣ ፍሬው ሲያድግ ልጣጩ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ያለጊዜው የሚረግፈውም ይበዛል። ከየት መጣች የሚለው ጥያቄ ለአርባ ዓመታት ያህል አከራካሪ ሆኖ ቆየ፤ ኮኮናት ራሱ የህንድ ውቅያኖስና የፓስፊክ ዳርቻዎች ተወላጅ ስለሆነ፣ ተባዩም ከተክሉ ጋር ከዚያው የተነሣ ነው ብሎ ማሰብ ከምክንያት የራቀ አልነበረም።

በ2005 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን ሌላ ታሪክ አሳየ። ከአሜሪካ አህጉር፣ ከአፍሪካና ከህንድ ውቅያኖስ አካባቢ የተሰበሰቡ ማይቶች ሲነጻጸሩ ከፍተኛው ልዩነት የተገኘው በብራዚል ነበር፤ ከአሜሪካ አህጉር ውጭ የተሰበሰቡት ግን እርስ በርሳቸው ፍጹም አንድ ዓይነት ወይም ለዚያ የተጠጉ ሆነው ተገኙ። አንድ ዝርያ ለረጅም ዘመን በኖረበት ምድር ትናንሽ የዘረመል ለውጦች ትውልድ በትውልድ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ጥቂት መሥራቾች ተነጥለው ወደ ሌላ አገር ሲገቡ ግን ከዚያ ክምችት ይዘው የሚሄዱት ቅንጣቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የበዛበት ቦታ የመነሻ፣ የሳሳበት ቦታ ደግሞ የቅርብ ጊዜ መዳረሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አሳማኙ ማብራሪያ ማይቷ ቀድሞ በአሜሪካ ተወላጅ ዘንባባዎች ላይ ትኖር እንደነበር፣ አውሮፓውያን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኮኮናትን ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ሲያስገቡ ወደ አዲሱ ተክል እንደተሻገረችና ከዚያ በኋላ ወደ ተክሉ የጥንት አገር እንደተጓዘች የሚያስረዳው ነው። ይህ ለታሪክ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። ተባዩን ለዘመናት ሲያድኑ የኖሩ የተፈጥሮ ጠላቶቹን የሚሻ ተመራማሪ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ይኸው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርበት ነጥብም ከዚህ የሚነሣ ነው። የተባይ ቁጥጥርና የዕፅዋት ኳራንቲን ሥራ በአብዛኛው የሚመራው በዝርያ ስም ዝርዝር ነው፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ካለ ይከለከላል፣ ተባዩ አገር ውስጥ አስቀድሞ ካለ ደግሞ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። በተክል በል ማይቶች ዘንድ ግን በአንድ ስም ሥር የተሰበሰቡ ወገኖች በሚመገቡት ተክል፣ በሚያስተላልፉት ቫይረስ፣ በሚቋቋሙት መድኃኒትና በሚያጠቃቸው አዳኝ ሊለያዩ ይችላሉ። ስሙን ብቻ ይዞ የሚወሰን ውሳኔ በሁለቱም አቅጣጫ ይስታል፤ አንዳንዴ የተለዩትን እንደ አንድ ያያል፣ አንዳንዴም አንድ የሆኑትን ይለያያል።

ማይቶች ነፍሳት አይደሉም፤ ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር በአንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው። በተክል ላይ ከሚኖሩት መካከል ሁለት ቤተሰቦች በዚህ ጽሑፍ ደጋግመው ይነሣሉ፦ ድር የሚያደሩት፣ ስምንት እግር ያላቸው የሸረሪት ማይቶች አንዱ ናቸው፤ ሌላው ደግሞ የኮኮናቷን ማይት የሚያካትተው፣ አካላቸው እንደ ትል የረዘመና አራት እግር ብቻ ያላቸው ደቃቅ ማይቶች ቤተሰብ ነው። በሁለቱም ዘንድ የመራቢያ ሥርዓቱ ለዘረመል ልዩነት አፈጣጠር ወሳኝ ነው። ከተዳቀለ እንቁላል ሴት ትፈለፈላለች፤ ካልተዳቀለ እንቁላል ግን ወንድ ይወጣል፣ ይህም ወንድ ያለው የእናቱ አንድ ጥንድ-አልባ የክሮሞዞም ስብስብ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዲት ያልተዳቀለች ሴት በነፋስ ተወስዳ ባዶ ተክል ላይ ብታርፍ እንኳ ወንድ ልጆች ትወልዳለች፤ ልጇ ሲደርስ ከእርሱ ጋር ተዳቅላ ሴቶችን ማፍራት ትችላለች። አንድ ሙሉ ወረራ ከአንዲት እናት ሊጀምር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የሸረሪት ማይቶች በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለውን ዑደት በሳምንት ወይም ከዚያ በጥቂት በሚበልጡ ቀናት ይጨርሳሉ። በእግራቸው ሩቅ አይሄዱም፤ ተክሉ ሲጎሳቆል ግን ወደ ጫፉ ወጥተው በነፋስ ይወሰዳሉ፣ ከዚህም በላይ በችግኝ፣ በአበባና በፍራፍሬ ንግድ ከአህጉር አህጉር ይጓዛሉ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ የልዩነት ካርታ ነው፤ በአንድ ማሳ ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ተክሎች ላይ ያሉት ስብስቦች ከጥቂት እናቶች ስለተነሡ ተለያይተው ሊገኙ ይችላሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚራራቁት ደግሞ በአንድ ጭነት የተሠራጩ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ርቀት ሲጨምር ልዩነት ይጨምራል የሚለው የተለመደ ሕግ ንግድ በገባበት ቦታ ሁሉ ይዛባል።

ልዩነቱን ለማንበብ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ለሴሉ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል፣ በሚቶኮንድሪያ፣ ውስጥ ያለ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የእናቶችን ሐረግ ወደ ኋላ መከተል ያስችላል። ከእርሱ ጋር በኒውክሊየስ፣ ማለትም በሴሉ እምብርት፣ ውስጥ ያሉ የዲኤንኤ ክፍሎች ይነበባሉ፤ በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ቅርብ ስብስቦችን ለመለየት ደግሞ እየተደጋገሙ በሚመጡ አጫጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ላይ የተመሠረቱ፣ ማይክሮሳተላይት የሚባሉ ምልክቶች ይሻላሉ። በ2011 የሁለት ነጥብ ሸረሪት ማይት፣ ማለትም የቴትራኒከስ ኡርቲኬ፣ ሙሉ ጂኖም (የዲኤንኤው ጠቅላላ ይዘት) ተነቦ ሲታተም ሥራው ወደ ሌላ ደረጃ ተሸጋገረ። ጂኖሙ 90 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተነበቡት የአርትሮፖድ (ነፍሳትን፣ ሸረሪቶችንና መሰሎቻቸውን የሚያካትተው ወገን) ጂኖሞች ሁሉ ትንሹ ነበር። ጂኖሙ ትንሽ መሆኑ ለተመራማሪ ምቹ ነው፤ የአንዲት ማይት አካል የሚሰጠው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት መሆኑ ግን እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ግለሰቦችን ቀላቅሎ ማንበብ የተለመደውም ለዚህ ነው።

ይኸው የሁለት ነጥብ ማይት ስም ሊያሳስት እንደሚችል ጥሩ ምሳሌ ነው። አረንጓዴ መልክ ያለውና ቀይ መልክ ያለው ዓይነት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሁለት ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ በየአገሩ የተባይ ዝርዝርም ለየብቻ ተመዝግበዋል። የቅርጽ፣ የመዳቀልና የዲኤንኤ ማስረጃው አንድ ላይ ሲመዘን ግን ብዙዎቹ የዘርፉ ባለሙያዎች ሁለቱን የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች አድርገው መቁጠር መረጡ። ዓይን በቀላሉ የሚያየው የቀለም ልዩነት ከዝርያ ወሰን ጋር አልገጠመም።

በስንዴ ላይ የምትኖረው አሴሪያ ቶሲኬላ ነገሩን በተቃራኒው ታሳያለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱን ወገን ከሌላው መለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ዲኤንኤው ሲነበብ ግን ከአንድ ዝርያ ይልቅ የብዙ ድብቅ ሐረጎች ስብስብ ሆና ትገኛለች። አንዳንዶቹ ሐረጎች በጥቂት የዱር ሣሮች ላይ ብቻ የሚኖሩ ሲሆኑ ለገበሬው ስጋት አይደሉም፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ስንዴን ጨምሮ ብዙ ተክሎችን የሚመገቡና በዓለም ዙሪያ የተሠራጩ ናቸው። የዚህች ማይት ዋናው ጉዳት መመገቧ ሳይሆን የስንዴን ቅጠል በቢጫ ሰንበር የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ማስተላለፏ ነው። ቫይረሱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ሲገኝ፣ በአገሪቱ ውስጥ ሁለት የማይቷ ሐረጎች እንዳሉ ታወቀ፤ በሙከራ ሲፈተኑም ቫይረሱን ያስተላለፈው አንዱ ሐረግ ብቻ ሆነ። ይህን የማያውቅ ቆጣሪ በማሳው ላይ ያገኛቸውን ማይቶች ሁሉ እኩል አደገኛ አድርጎ ይመዘግባል፤ አደጋውን ወይ ያጋንነዋል ወይ ያሳንሰዋል። ማይቷን የሚቋቋም የስንዴ ዘር የሚያዳቅል ባለሙያም በአንዱ ሐረግ ላይ የተሳካለት ዘር በሌላው ፊት እንደማይጸና ሊያገኘው ይችላል።

የቲማቲም ቀይ ማይት በመባል የምትታወቀው ቴትራኒከስ ኤቫንሲ ደግሞ ልዩነቱ ገና በመፈጠር ላይ ያለ መሆኑን ታሳያለች። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ግን በ1960 ከሞሪሺየስ በተገኙ ናሙናዎች ነው። በ1979 በዚምባብዌ ተመዘገበች፤ ከዚያ በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፍታ የቲማቲም አምራቾች ዋና ጠላት ሆነች፣ በ1990ዎቹም በፖርቱጋልና በስፔን ታየች። የምትመርጠው የቲማቲምን፣ የድንችንና የትምባሆን ቤተሰብ ነው። ብዙ ተባዮች ተክሉን ሲነክሱት መከላከያውን ይቀሰቅሱበታል፤ ይህች ግን የተክሉን መከላከያ ታዳክመዋለች፣ ከዚያም በወፍራም ድር ተከልላ ትራባለች።

ዲኤንኤዋ ሲነበብ በሁለት ሐረጎች ትከፈላለች፤ ሁለቱም ሥራቸው ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራጨው ግን አንደኛው ሲሆን ሁለተኛው በጥቂት ቦታዎች ተወስኖ ቆይቷል። ሁለቱ በላቦራቶሪ ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሴት ዲቃላዎች ይፈለፈላሉ፤ ችግሩ የሚወጣው እነርሱ እንቁላል ሲጥሉ ነው። ካልተዳቀሉ እንቁላሎቻቸው መውጣት የነበረባቸው ወንዶች በብዛት ይሞታሉ፤ ምክንያቱም እነዚህ ወንዶች ከሁለቱ ሐረጎች የተደባለቀ አንድ የክሮሞዞም ስብስብ ብቻ ስላላቸው፣ የማይጣጣሙት ዘረመሎች ሲገናኙ የሚሸፍናቸው ሌላ ቅጂ የለም። ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም፣ ሙሉ በሙሉም አንድ አይደሉም። የተክሉን መከላከያ የማዳከም አቅማቸውም ከስብስብ ስብስብ እንደሚለያይ ታይቷል። በዚህ ሁኔታ «ማይቷ አገራችን ውስጥ ስላለች ሌላ ብትገባ ለውጥ የለውም» የሚለው የኳራንቲን አስተሳሰብ ሊያስኬድ አይችልም፤ ሁለተኛ ሐረግ መግባቱ ቀድሞ ያልነበረ የሙቀትና የቅዝቃዜ መቻቻል፣ ቀድሞ ያልነበረ የመድኃኒት መቋቋም ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

የዘረመል ልዩነት ጉዳይ በተባዩ ላይ አያበቃም። በግሪንሃውስ የሁለት ነጥብ ማይትን ለመቆጣጠር በዓለም ዙሪያ የሚለቀቀው አዳኝ ማይት በቲማቲሟ ቀይ ማይት ላይ ውጤቱ ደካማ ሆነ። ተመራማሪዎች ወደ ተባዩ መነሻ ምድር ሄደው ሲፈልጉ በደቡባዊ ብራዚል ፋይቶሴዩለስ ሎንጂፔስ የተባለውን አዳኝ በቀይ ማይቷ ላይ በጥሩ ሁኔታ ሲራባ አገኙት። የሚያስገርመው፣ ይኸው የአዳኝ ዝርያ በአፍሪካ ቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ከዚያ የተወሰደው ስብስብ ግን ቀይ ማይቷን ለመመገብ ብቁ ሆኖ አልተገኘም ነበር። የዝርያውን ስም ብቻ ያየ ሰው «ይህ አዳኝ ተሞክሮ አልሠራም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋው ነበር፤ እኔ እንደማየው በዘርፉ ብዙ ጥሩ ዕጩዎች በዚሁ ምክንያት ተጥለው ሊሆን ይችላል።

ለአምራች በጣም የሚቀርበው ግን የመድኃኒት መቋቋም ነው። የሁለት ነጥብ ማይት ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ የተክል ዝርያዎች ላይ ትመገባለች፤ ከዘጠና በላይ የሆኑ የፀረ-ተባይ ንጥረ ነገሮችንም በየቦታው እንደተቋቋመች ተመዝግቧል። ይህ ማለት አንዲት ማይት ሁሉንም ትቋቋማለች ማለት አይደለም፤ በአንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ያለው ስብስብ ለአንዱ መድኃኒት ሲጸና ከጎኑ ያለው በቀላሉ የሚሞትበት ጊዜ አለ። መንገዱም የተለያየ ነው። ለምሳሌ ቢፌናዜት የተባለውን መድኃኒት መቋቋም ሲመረመር ለውጡ የተገኘው በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ መቋቋሙ የሚተላለፈው በእናት በኩል ብቻ ነው፣ ወንድ ከሌላ ማሳ መጥቶ ቢዳቀል አያዛምተውም። ኤቶክሳዞል ለተባለው ሌላ መድኃኒት የሚሆነው መቋቋም ግን የሚመነጨው በኒውክሊየስ ውስጥ ካይቲን የተባለውን የቆዳ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኢንዛይም በሚያዘው ዘረመል ላይ ከሚደርስ አንድ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ በሴቷ ውስጥ ከጤነኛው ቅጂ ጋር ሲጣመር ይሸፈናል፤ ወንዱ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ለውጡ ወዲያው በግልጽ ይሠራል፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል እርሱ ይተርፋል። መራቢያ ሥርዓታቸው መቋቋምን ለምን እንደሚያፋጥን የሚያስረዳው አንዱ ነገር ይህ ነው። በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንኳ፣ መቋቋም ታየ ተብሎ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት የትኛው ለውጥ በስብስቡ ውስጥ እንዳለ መመርመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታያል፤ ኤቶክሳዞልን የሚያከሽፈው ያው ለውጥ ክሎፌንቴዚንና ሄክሲቲያዞክስ የተባሉትንም ያከሽፋልና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር ለማይቷ ምንም ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የዘረመል ካርታ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ብዙ የሸረሪት ማይቶች በሴሎቻቸው ውስጥ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ይሸከማሉ። ባክቴሪያው ያለበት ወንድ ከሌለባት ሴት ጋር ሲዳቀል ከተዳቀሉት እንቁላሎች ብዙዎቹ ይበላሻሉ፤ ያለባት ሴት ግን ከየትኛውም ወንድ ጋር ያለ ችግር ትወልዳለች። በዚህ ብልጫ የተነሣ ባክቴሪያው በስብስቡ ውስጥ በፍጥነት ይስፋፋል። ባክቴሪያውም ሚቶኮንድሪያውም በአንድነት በእንቁላል ስለሚወረሱ፣ ባክቴሪያው ሲስፋፋ ያች የተጠቃች እናት የነበራት የሚቶኮንድሪያ ዓይነት አብሮ ይነግሣል። በሚቶኮንድሪያ ብቻ የሚመራ ተመራማሪ የልዩነቱን መሳሳት አይቶ «ይህ ስብስብ በቅርቡ የገባ ነው» ሊል ይችላል፤ የሆነው ግን ወረራ ሳይሆን የባክቴሪያ መዛመት ነው። ሁለት ስብስቦች አልዳቀል ስላሉም ብቻ ሁለት ዝርያ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ባክቴሪያው በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወገድ መዳቀል የሚመለስበት ጊዜ አለና። የኒውክሊየስ ዲኤንኤ አብሮ ያልተነበበበትን ድምዳሜ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ችግር ብቻ አይደለም። ሊጎዲየም ማይክሮፊለም የተባለው በሌሎች ተክሎች ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ፈርን (አበባ የማያወጣ ተክል) ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያና ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ የሚበቅል ተክል ነው፤ በፍሎሪዳ ግን ወራሪ ሆኖ በረግረጋማ ደኖች ዛፎች ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፣ ያፍናቸዋል፣ እሳት ሲነሣም ነበልባሉን ወደ ዛፎቹ አናት ያደርሳል። ቅጠሉን እየጠቀለለ የሚመገበው ፍሎራካረስ ፔሬፔ የተባለ ማይት በእስያና በአውስትራሊያ በተክሉ ላይ ተገኘ፤ ሆኖም ከየቦታው የተሰበሰቡት ማይቶች በዲኤንኤያቸው ይለያዩ ነበር፣ ሁሉም በፍሎሪዳው ፈርን ላይ እኩል አልበረቱም። ተመራማሪዎች የተክሉን ዲኤንኤ ሲያነቡ የፍሎሪዳው ወራሪ በአውስትራሊያ ኬፕ ዮርክ ልሳነ ምድር ካለው ጋር ገጠመ፤ ከዚያው አካባቢ የመጣው ማይትም በሙከራው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ መለቀቅ የጀመረው ያ ነው። እዚህ የተመረጠው ዝርያው አልነበረም፤ በዝርያው ውስጥ ያለ አንድ ወገን ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚጠይቀው ነገር ከሚመስለው ያነሰ ነው። አንድ ማይት ተይዞ ሲመዘገብ የተወሰኑ ግለሰቦችን በንጹሕ አልኮል ማቆየት፣ የተገኘበትን ተክልና ቦታ አብሮ መጻፍ፣ ከዚያም አንድ የሚቶኮንድሪያና አንድ የኒውክሊየስ ክፍል ማንበብ ዛሬ ለብዙ ላቦራቶሪዎች የሚከብድ አይደለም። በተግባር የሚያስቸግረው ናሙናው የሚሰበሰብበት መንገድ ነው፤ ከአንድ ቅጠል የተወሰዱ ሃያ ማይቶች የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ የሚናገሩት ስለ እናታቸው ብቻ ነው፣ ከሃያ የተራራቁ ተክሎች አንድ አንድ መውሰድ ግን ስለ ስብስቡ ይናገራል። የመነሻው ምድር በደንብ ሳይዳሰስ የወረራ መንገድ መሳልም ያው ችግር አለበት፤ በብራዚል ያለው የኮኮናት ማይት ልዩነት የታየው ብራዚል ውስጥ ከብዙ ቦታ ስለተሰበሰበ ነው፣ ናሙናው የተወሰደው ከአንድ ዳርቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመነሻው ምድርም እንደ መዳረሻዎቹ ሁሉ ልዩነት የሌለው መስሎ ይታይ ነበር።